ሞክሼዎቹ

በሬ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተከፈተ። መከፈት የነበረበት በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። እስከዚያ ጫማዬን አድርጌ፣ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አንግቼ፣ የገዛ ቤቴ በር ፊት ቆሜ ነበር። ሰዉ ይህን ደጅ ጥናት ይለዋል። ድሮ የሚጠናው የባለሥልጣን ደጅ ነበር አሉ፣ ከውጭ ሆኖ። እኛ የምንጠናው የራሳችንን ነው፣ ከውስጥ ሆነን።

መቀመጥ አልተከለከለም። ነገር ግን በሩ አንዴ ከተከፈተ የሚታገሰው አሥር ሴኮንድ ብቻ ነው፤ ያመለጠው ሰው እስከ ማግስቱ ቤቱ ይውላል። ስለዚህ ከተማው በሙሉ በየቤቱ ቆሞ ያረፍዳል። በግድግዳው በኩል ጎረቤቴ ሲያስል እሰማለሁ፣ እሱም እኔ እግር ስቀያይር ይሰማል። ተነጋግረን አናውቅም።

ማን ዛሬ የት እንደሚገባ፣ የትኛው አውቶቡስ ማንን እንደሚጭን፣ የማን ቧንቧ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ በየቀኑ እንደ አዲስ የሚገጣጥም ሰርቨር አለ። የወረቀት ስሙ ረጅም ነው፤ ሰዉ ግንበኛው ይለዋል። ጎሕ ሲቀድ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ሥራ ይጀምራል፣ የእያንዳንዱን ነዋሪ ቀን ይገነባል፣ በአርባ ደቂቃ ይጨርሳል። በአሥራ ሁለት ሰዓት የሁሉም አምባር ክንዱ ላይ ይነዝራል፣ በሮች ይከፈታሉ። ከሦስት ዓመት ወዲህ መዘግየት ጀመረ። መጀመሪያ በደቂቃ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም። ከዚያ ሰዓት ሆነ፣ ከዚያ ሁለት። እኔ ሥራዬ የግንበኛው ጥገና ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለእኔ ነው።

ከግንባታው የሚወጡ ሰዎችም አሉ። የወጣን ሰው ማንም አይነካውም፣ ማንም አያስረውም። የሱ ቀን አይገነባም፣ በቃ። በሩ አይከፈትም፣ ቧንቧውም አይወርድም። ለጥቂት ቀናት ከቤቱ ድምፅ ይሰማል፤ ጎረቤት ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። ከዚያ ሬዲዮኑ ይቀነሳል።

መሥሪያ ቤት ስደርስ አምስት ሰዓት ሊሆን ነበር። አለቃዬ ኢንጂነር ቢተው ደምሌ ቢሮው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ወፍራም፣ ንጹሕ፣ ሁልጊዜ አዲስ የተላጨ ሰው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በገባሁ ቁጥር ከላይ እስከ ታች ያየኛል፣ ሰላምታዬን በአገጩ ይቀበላል። ንቀት ነው ብዬ ወስጄዋለሁ፤ እኔም እንደ አቅሜ እንቀው ነበር።

«ሥራ የሚጀመረው ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

«በሩ የተከፈተልኝ አራት ተኩል ላይ ነው፣ ኢንጂነር።»

«የእኔም የተከፈተው አራት ተኩል ላይ ነው። እኔ ግን ኃላፊነት ይሰማኛል።» ወደ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። እንድቀመጥ አላለኝም። «ከላይ ደውለውልኛል። ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመንስኤ ቅጹን ሞልተሽ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ታኖሪያለሽ። ስም እፈልጋለሁ።»

የመንስኤ ቅጽ ያለ ሰው ስም አይዘጋም። የተበላሸው ፓምፕም ይሁን ሊፍት ወይም ሰርቨር፣ በመጨረሻው ሣጥን ውስጥ የአንድ ሰው ሙሉ ስም ይገባል፤ ያ ሰው በማግስቱ ይወጣል። ብልሽት ያለ ሰው አይመጣም የሚል መመሪያ አለ። አምና የዝናብ ውኃ ምድር ቤት ገብቶ ገመዶቹን ሲያበላሽ የጻፍነው የጽዳት ሠራተኛዋን ነው።

«ምናልባት ጥፋቱ የሰው ላይሆን ይችላል» አልኩ።

«ቅጹ ላይ ‘የሰው አይደለም’ የሚል ቦታ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲህ።»

«ስም ካላገኘሁስ?»

«ባዶ አልተወውም። የማውቀውን ስም እጽፋለሁ። ያንቺን በደንብ አውቀዋለሁ።»

ይህን ሲል ፊቱን አላየኝም፣ ጫማዬን ነበር የሚያየው። እኔም ወጣሁ። ሃያ ስምንት ሰዓት ነበረኝ፤ ከዚያ ላይ ደጅ ጥናቱ ሲቀነስ ብዙም አይቀር።

ጀማሪ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያየው ማሽኑ ደክሞ እንደሆነ ነው። እኔም ከዚያው ጀመርኩ፣ ዕድሜ ቢሰጠኝም የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። ፕሮሰሰሩ ከአቅሙ አንድ አሥረኛውን እንኳ አልተጠቀመም። ሜሞሪው ግማሹ ባዶ ነው። ዲስኩ አልተጨናነቀም፣ መስመሩም ንጹሕ ነው። ትናንት የገነባውንና ያልተለወጠውን ሳያፈርስ ዛሬም ይጠቀምበታል፤ እሱም በደንብ እየሠራ ነው። ግንበኛው አልደከመም፣ አልታመመም። የዘገየው እየሠራ ሳይሆን እየጠበቀ ስለሆነ ነው። የሚሠራና የሚጠብቅ ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው፤ የመሥሪያ ቤታችን ግማሹ ሰው የሚኖረው በዚህ ነው።

ምን እንደሚጠብቅ ለማወቅ የጠዋቱን መዝገብ በሴኮንድ ዘረዘርኩት። ሲሠራ፣ ሲሠራ፣ ሲሠራ ይቆይና ሰባት ሴኮንድ ዝም ይላል። ከዚያ ይቀጥላል፣ እንደገና ሰባት ሴኮንድ ዝም። ዝምታዎቹን ቆጠርኳቸው፤ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ አራት ናቸው። በሰባት ሳባዛቸው አራት ሰዓት ከሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ከሃምሳ ስምንት ሴኮንድ መጣ። የጠዋቱ መዘግየት ልክ እሱ ነው፣ አንዲት ሴኮንድ አይጎድለውም። እንዲህ ያለ ሒሳብ ሲገጥምልኝ ደስ ይለኛል። ያን ዕለትም ደስ አለኝ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል።

እያንዳንዱ ዝምታ አጠገብ ሁለት ስም አለ። የመጀመሪያውን ከፈትኩት። «ኀይለየሱስ» እና «ሃይለየሱስ»፤ አንድ ቤት፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ዕድሜ። አንዱ ወጥቷል፣ አንዱ አለ። ሁለተኛው «ዓለምፀሐይ» እና «አለምጸሃይ»። አንዷ ወጥታለች፣ አንዷ አለች። አሻራና የዓይን ምስል በ2061 በጅምላ ከተዘረፈ ወዲህ የሰው መለያ ቁጥር የሚወጣው ከራሱ፣ ከአባቱና ከአያቱ ስም ፊደላት ነው። ድምፁ አንድ ሆኖ ፊደሉ ሲለይ ቁጥሩም ይለያል፤ ለማሽኑ ሁለት ሰው ነው። የማስወጫ ትእዛዝ በአንደኛው ፊደል ይመጣል፣ ሰውየው የተመዘገበው በሌላኛው ነው። ትእዛዙ ይፈጸማል፣ ያልነበረ ሰው ይወጣል። የነበረው ጠዋት ቆሞ ይጠብቃል፣ በሩ ይከፈትለታል፣ ሥራው ይሄዳል።

ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ አራት ሰው ሞክሼ ፊደል አትርፎታል ማለት ነው። ማስተካከያው አንዲት መስመር ነች፤ ሠን እንደ ሰ ቁጠር፣ ፀን እንደ ጸ ቁጠር ብሎ ማዘዝ። ያን ጊዜ ሁለቱ ስሞች አንድ ይሆናሉ፤ ማሽኑ ደግሞ አንድ ሰው «አለ»ም «ወጥቷል»ም ከተባለ ወጥቷል ብሎ ይደመድማል። ግንበኛው በአርባ ደቂቃ ይጨርሳል። በማግስቱ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ አራት በር ጀርባ ድምፅ ይሰማል፣ ሬዲዮኖች ከፍ ይላሉ። ጣቴ ቁልፎቹ ላይ ነበር። የማደርገውን የማላውቅ አልነበርኩም።

ዝርዝሩን ወደ ታች የሳብኩት ለሪፖርቱ ናሙና ፍለጋ ነው።

«ሰናይት ፀጋው ወልዴ። አለች።»

«ሠናይት ጸጋው ወልዴ። ወጥታለች፣ ጥቅምት 9 ቀን 2092። አስወጪ፦ ኢንጂነር ቢተው ደምሌ።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ የገዛ ስሜን ፊደል በፊደል እንደገና አነበብኩት። ፈራሁ። ሁለት ዓመት በሕይወት የኖርኩት አንድ ሰው ስሜን በትክክል መጻፍ ስላልቻለ ነው። ቢተውን ጠላሁት፤ ከዚያ በፊት የምጠላው ይመስለኝ ነበር እንጂ አልጠላሁትም ነበር። አንድ ነገር ግን አልደብቅም፤ ዝርዝሩ ውስጥ ራሴን ባላገኝ ኖሮ ያችን መስመር እጽፋት ነበር።

ግንበኛው በሰባት ሴኮንዱ ውስጥ ዝም ብሎ አይቆምም፣ ይጠይቃል። «ከሁለቱ አጻጻፎች ትክክለኛው የቱ ነው?» ይላል። ጥያቄው የሚሄደው «ፊደል አራሚ» ወደሚባል የሥራ መደብ ነው። መደቡ በ2091 ተዘግቷል፤ የመዝጊያውን ደብዳቤ የፈረመው ቢተው ነው። ነገር ግን መስመሩን ማንም አልነቀለውም። ጥያቄው ዛሬም አንድ አምባር ላይ ይደርሳል። የአምባሩ ባለቤት ምድር ቤት ባለው የመዝገብ ክፍል በገልባጭነት የሚሠሩት ጋሽ ሥሙር ናቸው።

ጋሽ ሥሙርን የሚያናግራቸው ሰው ጥቂት ነው። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ ቀጭን፣ ነገረኛ፣ አባታቸው መሪጌታ የነበሩ ሰው። የሰላምታ ካርድ ብትሰጣቸው እንኳ አርመው ይመልሳሉ ይባላል። ስገባ ብርጭቆ ሻይ ፊታቸው አስቀምጠው ትእዛዝ ይገለብጡ ነበር።

«ጋሽ ሥሙር፣ ንጋት ላይ ክንድዎ ላይ ይነዝራል?»

ቀና አላሉም። «ሦስት ዓመት ጠበቅኩ። የሚጠይቅ አንድ ሰው ጠፋ፣ ይኸን ሁሉ ኢንጂነር ሰብስበው።»

«ለምን አይመልሱም?»

«ማን ነኝ ብዬ? መደብህ ተዘግቷል የሚል ደብዳቤ ተሰጥቶኛል። ድምፁ አንድ ከሆነ ምን ልዩነት አለው አለኝ ያ ቢተው። ሃያ ስድስት ዓመት ያረምኩትን ሰውዬ፣ ምን ልዩነት አለው አለኝ።» ሻያቸውን ፉት አሉ። «ይኸው ልዩነቱ። አራት ሰዓት ተኩል።»

«ትእዛዙስ እንዴት ነው በተሳሳተ ፊደል የሚመጣው?»

«በቃል ነው የሚያዙት። እነሱ ይናገራሉ፣ መሣሪያው ይጽፋል፣ መልሶ ያነብላቸዋል፣ ልክ ነው ይላሉ። ጆሮ ፊደል አይለይም። እኔ የሚመጣልኝን መገልበጥ ነው። ደብዳቤው እንዲህ ነው የሚለው፣ ‘ቃል በቃል ይገለብጣል፣ አያርምም’። አላርምም።»

«ነፍስ እያዳኑ ነው እኮ።»

አሁን ቀና አሉ። ዓይናቸው ውስጥ ምንም ደግነት አልነበረም። «ለሰው አዝኜ እንዳይመስልሽ። ሰው መቼ ለእኔ አዘነ? እኔ የማዝነው ለፊደሉ ነው። ያንቺም ጥያቄ በየቀኑ ይመጣል፣ አውቅሻለሁ። ሠናይ ማለት መልካም ነው፣ በንጉሡ ሠ ይጻፋል። ጸጋ በጸሎቱ ጸ ነው። አንቺን ሲመዘግቡሽ በእሳቱ ሰና በፀሐዩ ፀ መዘገቡሽ፣ ሁለቱንም አበላሽተው። ቢተው ሲያስወጣሽ መሣሪያው እንዳጋጣሚ ሁለቱንም ልክ ጻፈው። እና ትክክለኛዋ ወጥታለች። እዚህ የቆምሽው ስህተቷ ነሽ።»

የሰደበኝ ሰው ብዙ ነው፤ እንዲህ አድርጎ ግን ማንም ሰድቦኝ አያውቅም።

«እንግዲያው ስህተቷ ልክ ናት ብለው ይመልሱለትና ይለቀን» አልኩ።

«እሱን እጄ አይጽፍም።»

«አንድ ቃል እኮ ነው።»

«እውነቱን ብመልስ ትሞቻለሽ። ውሸቱን ብመልስ ዕድሜ ልኬን ያረምኩትን በገዛ እጄ አፈረስኩ። ስለዚህ ዝም። ዝምታ ወርቅ ነው ይሉ የለ?» ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ቅጽ ይዘሽ መሰለኝ የመጣሽው። ስሜን ልትጽፊው ነው?»

«ብጽፈው ምን ይሆናል?»

«ጠያቂው መላሽ ያጣል። ዝም የሚል መላሽ አንድ ነገር ነው፣ የሌለ መላሽ ሌላ ነው። መላሽ ከሌለ የወጣው ይጸናል ይላል ደንቡ። አንቺም፣ እነዚያ ሁሉም ተከትለውኝ ይወጣሉ።» ይህን ሲናገሩ ደስ ብሏቸው ነበር። እኔን እንዲህ ማሰራቸው አስደሰታቸው።

ደንቡን ሄጄ አየሁት፣ እንዳሉት ነው። ተመልሼ መጣሁና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው።

«ስሜ በስንት ዓይነት ይጻፋል?»

ወረቀት ስበው በጥንቃቄ፣ እያማሩ ጻፉት። «በአራት። አንዷ አንቺ ነሽ፣ አንዷ ወጥታለች። ወልዴ ሞክሼ የለውም። ሁለት ሞት ይቀርሻል።»

«ቢተው ደምሌስ?»

ፊደሎቹን በከንፈራቸው ቆጠሩ። «ቢ፣ ተ፣ ው። ደ፣ ም፣ ሌ። አያቱም ቢጨመር አንድም የለው። ምስኪን፣ አንድ ነፍስ ነው ያለችው» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየሁ።

በማግስቱም ከተማው እስከ አራት ተኩል ቆሞ አረፈደ። እኔ በር ፊት ቆሜ የማውቃቸውን ሰዎች ስም በልቤ ዘረዘርኩ። ለቅጹ የሚሆን ሰው እየፈለግኩ ነበር። የኃይል ክፍሉን ሠራተኛ አሰብኩት፣ ብዙ ልጆች አሉት። አዲሷን ተለማማጅ አሰብኳት፣ ማንም የላትም፤ እሷ ላይ ረዘም አድርጌ ቆየሁ። ያልጻፍኳት ስለራራሁ ከሆነ ደግ፤ ይመስለኛል ግን ያልጻፍኳት የተሻለ ሐሳብ ስለመጣልኝ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢተው ቢሮ ገባሁ።

«ተገኘ?»

«ተገኘ። ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ የሚጠብቀው ነገር አለ። ለጊዜው አይነካም።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ስም።»

ቅጹን አስቀመጥኩለት። የመጨረሻው ሣጥን ውስጥ በእጄ «ሠናይት ፀጋው ወልዴ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ በንጉሡ ሠ፣ በፀሐዩ ፀ፤ ከቀሩኝ ሁለት ሞቶች አንዷ፣ ጋሽ ሥሙር እንዳለች የሚገለብጧት። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ለጆሮው የእኔው ስም ነው፣ ለዓይኑም። ቅጹን ወደ ጎን አደረገው፣ እንደገና ሳበው።

«የራስሽን?»

«ሦስት ዓመት እያየሁ አላስተዋልኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ልትቀልጂብኝ ነው?»

«ይፈርሙ እንጂ፣ ኢንጂነር።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እንዲህ ዝቅ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «ማን ነው ከኋላሽ ያለው?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከላይ እስከ ታች ሲያየኝ የኖረው ንቆኝ አልነበረም። በጥቅምት ዘጠኝ ፈርሞ አስወጥቶኝ፣ በጥቅምት አሥር እንደምን አደሩ ብዬው ስገባ ያየኝ ሰው ነው። ትእዛዙን የሻረልኝ አንድ ትልቅ ሰው አለ ብሎ አመነ፤ ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራ። በየቀኑ የሚጠብቀው የበቀሌን ቀን ነበር። ባለፈው ቀን ስምሽን እጽፋለሁ ሲለኝ፣ ያ ትልቅ ሰው ዛሬም አለ ወይ ብሎ መፈተኑ ኖሯል።

«በጥቅምት ዘጠኝ ስለፈረሙት ነው የሚሉኝ?» አልኩት።

ብዕሩን አነሳ። «የታዘዝኩትን ነው የፈረምኩት።»

«አውቃለሁ። አሁንም የታዘዙትን ይፈርሙ።»

ፈረመ። ፊርማው ከመስመሩ ወጣ። ፊቱ ላይ ግን ከፍርሃቱ ሥር አንዲት ተስፋ ነበረች፤ ምናልባት አሁን እገላገላት ይሆናል የምትል ተስፋ። አየኋት፣ አልረሳትም።

ማግስቱን እንደ ሁልጊዜው በሬ ፊት ቆምኩ። የማላውቀው አንድ ነገር ነበር። ግንበኛው አንድ አልጋ ላይ ሁለት ሰው ሲያገኝ የሚያደርገውን አውቃለሁ። ሦስት ሲያገኝ የሚያደርገው የትም አልተጻፈም። ልሞክረው አልችልም ነበር፤ መሞከሪያው እኔው ነኝ። አራት ሰዓት ሆነ። አራት ከሩብ። የጎረቤቴ ሳል ተሰማ። ቧንቧውን እንደፈተሽኩት አስታውሳለሁ፤ ያለው የትናንቱ ጭላጭ ነው፣ ምንም አይነግርም። አራት ሰዓት ተኩል ሞላና አለፈ። የጎረቤቴም በር አልተከፈተም፣ እግር ሲቀያይር ሰማሁት። እኔ እጄን በሩ ላይ አድርጌ «ጋሽ ሥሙር፣ ዛሬም ዝም በሉልኝ» አልኩ፣ እንደ ጸሎት። አራት ሰዓት ተኩል ከአምስት ሴኮንድ ላይ አምባሬ ነዘረ።

ቢተው መሥሪያ ቤቱ በራፍ ላይ ነበር። ሲያየኝ መንገድ ለቀቀልኝ። ከዚያ ዘወር አለና የቢሮውን በር ራሱ ከፍቶ ያዘልኝ።

«ይግቡ፣ ወይዘሮ ሰናይት» አለ።

ከላይ የተላከ ማስታወቂያ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ንጋት በአራት ሰዓት ተኩል እንዲሆን ተወስኗል፤ የዛሬው አራት ሰዓት ተኩል አሥራ ሁለት ሰዓት ተብሎ ሰዓቶች ሁሉ ይስተካከላሉ፣ ከተማው ከእንግዲህ አይዘገይም። በጣም ጥሩ መፍትሔ ነው ብሏቸው ኖሯል ቢተው፣ በእኔ ስም። እኔን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ እሱ ቆመ።

«የማስወጫ ትእዛዝ ፈራሚነቱን ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ» አለ። «ደክሞኛል። እርስዎ ይሻሉታል። እንደፈለጉ፣ በቃልም በጽሑፍም ማዘዝ ይችላሉ።» አቃፊ አቀረበልኝና ወደ ኋላ እያፈገፈገ ወጣ።

አቃፊው ውስጥ አሥራ ሁለት ስም አለ። ደንቡ ፊት ለፊት ተለጥፏል፤ ፈራሚ ዝርዝሩን አያጎድልም፣ አንድ ስም ካጎደለ በቦታው የራሱን ያስገባል። በእጄ እጽፋለሁ አልኩ። አሥራት የሚል ነበር፣ በእሳቱ ስ ጻፍኩት። ኅሩይ የሚል ነበር፣ በሀሌታው ህ ጻፍኩት። ፍሥሐ፣ ዐጸደ፣ መሐመድ፣ ጸሐይነሽ፤ የራሱ ስም ሞክሼ ያጣ እንደሆነ በአባቱ፣ በአባቱ ያጣ እንደሆነ በአያቱ። መሣሪያው እያንዳንዱን መልሶ አነበበልኝ፣ ልክ ነው አልኩ። እንዲህ አድርጌ አሥራ አንድ ሰው ከሞት አወጣሁ። ከተማው ሰኞ ሰባ ሰባት ሴኮንድ ጨምሮ ይቆማል፣ ማንም ልብ አይለውም። ደስ አለኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

አሥራ ሁለተኛዋ ምንትዋብ ደበበ ተፈሪ ትባላለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ የፋርማሲ ሠራተኛ። ምክንያት፦ በሥራ ሰዓት አንድ የወጣ ሰው ስም ጠርታለች።

ፊደል በፊደል ሄድኩበት። ም፣ ን፣ ት፣ ዋ፣ ብ። ደ፣ በ፣ በ። ተ፣ ፈ፣ ሪ። እንደገና ከኋላ ወደ ፊት ሄድኩበት። ምንም የለውም። ድምፅ የሚለውጥ ፊደል ባስገባ መሣሪያው ያነበውና ይመልስብኛል። ቅድመ አያት ቢቆጠር ምናልባት ይገኝ ነበር፤ አይቆጠርም።

በቦታዋ የራሴን ስም ማስገባት እችላለሁ። ሰናይት ጸጋው ወልዴ፣ በእሳቱ ሰ፣ በጸሎቱ ጸ፤ አራተኛዋ፣ ያልተነካችው። ብጽፋት አልሞትም። ሦስት እንደቻለ አራትም ይችላል፣ ጠዋት ሰባት ሴኮንድ ዘግይቶ በሬ ይከፈታል። ምንትዋብም መድኃኒት መሸጧን ትቀጥላለች፣ ለምን እንደኖረችም አታውቅም። ከዚያ ወዲያ ግን እኔ የሚቀረኝ ምንም የለም፤ ቀን ቢጎድልብኝ የምጽፈው ስም አይኖረኝም።

ሻይ ጠየቅኩ፣ ቢተው ራሱ አመጣልኝ። ጠጥቼ ጨረስኩ። ከዚያ አራተኛዋ ለክፉ ቀን ትቀመጥ ብዬ፣ የምንትዋብን ስም ያለ አንዲት ስህተት ጻፍኩት።